ቀበሮ ፍለጋ ወጥተን ፍልፈል ጉድጓድ ዳር ዋልን፦ ከልጆች ጋር አንድ ቀን በባሌ ተራሮች

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው «ልጆች ይዞ ባሌ መሄድ ይቻላል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ብዙዎቻችሁ አይዞሽ ብላችሁኝ ነበር። ሄደን መጣን። የዋልነውን እነግራችኋለሁ ባልኩት መሠረት ይኸው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አምስት ነበርን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ልጄ፣ የ5 ዓመቱ ወንድሟ እና አባቴ። አባቴ 70ን አልፏል። «ልጆቹ አጋዘን እያዩ እኔ ቤት ልቀመጥ?» ብሎ ከሁላችን ቀድሞ ጃኬቱን ለበሰ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ዲንሾ ስንደርስ መሽቶ ነበር ማለት ይቻላል። እዚያው ፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ጉዳይ ጨረስን፣ ከአንድ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ጋር ለጠዋት ተቀጣጠርን፣ ከዚያ ሮቤ ገብተን አደርን።

ጠዋት በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። ጎባን ስንለቅ መንገዱ ዳር አስታና አሜጃ ነበር። ከፍ እያልን ስንሄድ ዛፉ አጠረ፣ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። አምባው ላይ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። በጭጋጉ ውስጥ ጅብራዎቹ፣ ያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው የደጋ ተክል፣ ተራርቀው ቆመዋል። ልጄ «እማዬ፣ እነዚያ ሰዎች ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከሩቅ ሰው ይመስላሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀይ ቀበሮ ፈለግን። እዚህ እንሂድ፣ እዚያ ይታያል፣ ቁም፣ ቀጥል። ቀይ ድንጋይ ሁሉ ቀበሮ መሰለን። ትንሹ መሰልቸት ጀመረ። ትልቋ ዝም አለች፤ ዝም ስትል ደግሞ ልታለቅስ ነው ማለት ነው። እኔም ያን ሁሉ መንገድ ያመጣኋቸው ለዚህ ነው ወይ ብዬ ሆዴ ተላወሰ።

ስካውታችን ያን ጊዜ ነው ባለቤቴን «ሞተሩን አጥፋው፣ እንውረድና እንቀመጥ» ያለው። ወርደን ጥቂት ተራመድን። መሬቱ በትናንሽ ቁልል አፈር ተሞልቷል። «ይሄ የፍልፈል ቤት ነው። የቀበሮው ምግብ እዚህ ስላለ እሱም ይመጣል» አለን። ጋቢ አንጥፈን ተቀመጥን። ፀሐይ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። መጀመሪያ የአንዱ ጉድጓድ አፈር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትልቅ ጭንቅላት ብቅ አለ። ዓይኖቹ ከላይ፣ ከአናቱ አጠገብ ናቸው። ጥርሶቹ ብርቱካናማ። ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ ዙሪያው ያለውን ሣር በአፉ እየቆረጠ ይሰበስባል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ይገባል። ደግሞ ይወጣል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማለች። ልጆቼ እስትንፋሳቸውን ያዙ። ሦስት ደቂቃ ተቀምጦ የማያውቀው የአምስት ዓመቱ ልጄ አርባ ደቂቃ ተቀመጠ! ትልቋ ስንት ጊዜ እንደወጣ ደብተሯ ላይ ጭረት እየሳለች ቆጠረች።

ከዚያ አባቴ በቀስታ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ከኛ 50 ሜትር ቢሆን ነው። ቀይ፣ ቀጠን ያለ፣ እግረ ረጅም፣ ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። እኛን አይቶናል፤ ግን ጉዳዩ ከኛ ጋር አልነበረም። ዝቅ ብሎ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ያቀናል፣ ደግሞ አንድ እርምጃ። ወፏ ብር አለች። ቀበሮው ዘለለ። ፍልፈሉ ግን ቀድሞ ገብቷል። ልጄ በሹክሹክታ «ጦሙን ዋለ?» አለኝ። ግማሹ ልቡ ለፍልፈሉ ደስ ብሎታል፣ ግማሹ ለቀበሮው አዝኗል። ምን እንደምመልስለት ግራ ገባኝ።

ያስከፋኝን ነገርም ልንገራችሁ። ቀበሮው ሌላ ጉድጓድ ላይ ሊያደባ ሲል አንድ መኪና እየበረረ መጣና መንገዱ ላይ ቆመ። ጥሩምባ ነፉ፣ አፏጩ፣ ብስኩት ወረወሩለት። ቀበሮው ዞር ብሎ አየና ሄደ። እኛም ሌላ አላየንም። ልጄ «ለምን አልተናገርሻቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። አልተናገርኩም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

የከሰዓት በኋላው ውሎ የዲንሾው ነው፣ እሱን ቀጥዬ እጽፋለሁ። ትንሹ ሊነቃ ነው።

አባ ሦስት

እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። የኔ ትንሿ 3 ዓመቷ ነው። 4,000 ሜትር ሲባል ፈራሁ። የናንተዎቹ ምንም አልሆኑም?

የሁለት ልጆች እናት

ጥሩ ጠየቅከኝ፣ ይሄን መደበቅ የለብኝም። ከቀበሮው በኋላ ባለቤቴ «እዚህ ድረስ መጥተን ቱሉ ዲምቱን ሳንወጣ?» አለ። 4,377 ሜትር ነው፣ ከአገራችን ከፍተኛ ተራሮች አንዱ። መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል። ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ትንሹ «ራሴን» አለ። ፊቱ ገረጣ። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው። ወዲያው አዙረን ቁልቁል ወደ ጎባ ሄድን። ጎባ ሲደርስ ርቦኛል ብሎ ጠየቀ። ግን በዚያች አንድ ሰዓት ያሳለፍኩትን ጭንቀት ለማንም አልመኝም። ጥፋቱ የኛ ነው። ሮቤ አንድ ሌሊት ብቻ አድረን ነው ያወጣናቸው።

ነርሷ

ማዞራችሁ ትክክል ነው። ሰው ሁሉ እንዲያነበው እዚህ ልጻፈው።

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ምግብ እንቢ ማለት። የአዲስ አበባ ልጆች 2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ባለ ከተማ ስለሚኖሩ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ሰው ትንሽ ይሻላሉ። ያም ሆኖ ከሮቤ ተነስቶ በአንድ ጠዋት ከ1,500 ሜትር በላይ መውጣት ለማንም ሰውነት ብዙ ነው። ጥንካሬ አያድንም። ስፖርተኛም ይታመማል።

አባ ሦስት፣ የ3 ዓመት ልጅ ላይ የሚያስቸግረው ራሴን አመመኝ ብላ አለመንገሯ ነው። ያለምክንያት ከተነጫነጨች፣ መጫወት ካቆመች፣ ካልበላች፣ ከፍታው ነው ብለህ አስብ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። «ትንሽ እንይ፣ ይለቃታል» አይባልም። ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ማለት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልተሻላት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም መራመድ ካቃታት ግን ቀጥታ ወደ ሕክምና ነው።

ሁለት ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ አድሮ በሦስተኛው ቀን መውጣት ይሻላል። ላይ አትደሩ፣ ውላችሁ ውረዱ። ውኃ አብዙላቸው። ኮፍያና የፀሐይ ቅባት አትርሱ፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ እዚያ ላይ ያቃጥላል። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሳትነሱ ሐኪም አማክሩ።

አባ ሦስት

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ለትንሿ ዲንሾ ብቻ ይበቃታል መሰለኝ። ሳነቴ ስታድግ።

የሮቤ ልጅ

ተወልጄ ያደግሁት ሮቤ ነው፣ አሁን የምኖረው ሌላ ከተማ ነው። ሳነብ እንባዬ መጣ። ጭቁኝ፣ ያ የደጋው ሽታ ያለው ቁጥቋጦ፣ ሸተተኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ ይሄ እንስሳ በኦሮምኛ «ጄዴላ ፈርዳ» ይባላል። የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ፈረስ ወይም ላም ልትወልድ ስትል ይከተላታል፣ የእንግዴ ልጁን ለመብላት። ከብት መሃል ተደብቆ ፍልፈልና አይጥ ሲያድንም አይቻለሁ። ላሞቹ አይደነግጡም። አያቴ በግ በላብኝ ብሎ ስለሱ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። የሚረግመው ጅብን ነበር።

እህቴ፣ የብስኩቱን ነገር በተመለከተ፦ እኔ ብሆን ስካውቱ እንዲናገራቸው እጠይቅ ነበር። ሥራውም ሥልጣኑም ነው። ሰው ከሰው ጋር ልጆች ፊት መጨቃጨቅ የለበትም። ግን ልጅሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ ትልቅ ነው።

ተራራ ወዳድ

ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ጥሩምባውና ፉጨቱ ነውር ነው። አንድ ቁራሽ ብስኩት ግን ምን ይጎዳዋል? ከ500 የማይበልጥ የቀረ እንስሳ ነው። ጦሙን ከሚውል ቢበላ አይሻልም? ልጅ ደግሞ የሚወደው የቀረበውን እንስሳ ነው። 50 ሜትር ላይ ያለ ቀይ ነገር ለልጅ ምኑ ነው?

የመንገድ ሰው

ወንድሜ፣ ባሌ መስመር ላይ ለዓመታት የነዳሁ ሰው ነኝ። ብስኩቱ የሚጎዳው እንዲህ ነው። የጎባ–ዶሎ መና መንገድ ሳነቴን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። አይሱዙው፣ አውቶብሱ፣ ሁሉም በዚያ ነው። ዛሬ ከመኪና መስኮት ብስኩት ያገኘ ቀበሮ ነገ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ወደ መንገዱ ይጠጋል። የሚመጣው መኪና ደግሞ ሁልጊዜ ሽርሽር የወጣ ቤተሰብ አይደለም። ጭነት የያዘ፣ የመሸበት፣ በጭጋግ የሚነዳ ነው። በመኪና የተገጨ ቀበሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ቆሜ ከመንገድ ያነሳሁትም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አምባው ላይ ከ30 በላይ ነድቼ አላውቅም። መንገዱ ቀጥ ያለና ለጥ ያለ ስለሆነ እግር ነዳጁ ላይ ይከብዳል። እባካችሁ ቀስ በሉ።

ባዮሎጂ አስተማሪ

የመንገድ ሰው የተናገረው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ቀበሮ ጦሙን የሚያድረው ብስኩት ስላጣ አይደለም። ያ አምባ ለሱ ጎተራ ነው። እዚያ ያየሽው ትልቁ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። አንድ ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ አንዱን ከያዘ ጥሩ ምሳ ነው። ቀበሮው ስቶ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይስታል፣ ከዚያ ይይዛል። ኑሮው ይሄው ነው። ለትንሹ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ።

የሚያጠፋው ረሃብ ሳይሆን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ እዚያው ባሌ ያለው ዌብ ሸለቆ ገብቶ በወራት ውስጥ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ጨርሷል። ከዚያ በፊትም በኋላም ተመላልሷል። የሚያመጣው ውሻ ነው። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም እንደዚያው። ቀበሮ ብቻውን ያድናል እንጂ የሚኖረው በመንጋ ነው። ጠዋትና ማታ ይገናኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ፣ አብረው ድንበራቸውን ይዞራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የመንጋው እመቤት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ለግልገሎቹ ምግብ በሆዳቸው ይዘው መጥተው ያጎርሳሉ። ፍቅራቸው ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ሲታመም ሁሉም ይታመማል።

በጠቅላላው ከቀሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ቀሪዎቹ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በአርሲ ተራሮች ላይ እፍኝ እፍኝ ሆነው ተበትነዋል። ባሌ ላይ የሚደርስ ነገር እንዲህ የሚያሳስበን ለዚህ ነው።

ተራራ ወዳድ

ስለ መንገዱ ያልከው ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። ሰው ሲወረውር ባይ ከእንግዲህ እኔም እናገራለሁ። የርቀቱ ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። የኔ ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ባይኖኩላር ስሰጠው ሰማዩን ነው የሚያየው።

የሁለት ልጆች እናት

የኔም እንደዚያው ነበር! እኛ ያደረግነውን ልንገርህ። ቤት ሳለን ከመስኮት ጀመርን። መጀመሪያ ያለ ባይኖኩላር አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ያያል፤ የጎረቤት ታንከር በለው። ዓይኑን ሳይነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይኑ ያመጣዋል። ዓይን ነው ቀድሞ የሚያገኘው፣ መነጽሩ ተከታይ ነው። ሳምንት ተጫወትንበት። ሳነቴ ላይ መጀመሪያ ጅብራ፣ ከዚያ ቁልል አፈር፣ ከዚያ ፍልፈል። ቀበሮው ሲመጣ እጁ ለምዷል። እኔ ያላየሁትን ነጭ ደረት መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።

የሮቤ ልጅ

አስተማሪው ስለ ውሻ ያነሳው ልክ ነው፤ ግን አንድ ቃል እንድል ይፈቀድልኝ። እረኛው ውሻ የሚይዘው ለጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብ አለ። ከብቱ ሀብቱ ነው። ከጥንት ጀምሮ ከብት በወቅት በወቅት ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይነዳል፤ «ጎዳንቱ» ይባላል። ማዕድን ያለበትን የሆራ ውኃ ያጠጣል፣ ይመለሳል። ያ ሥርዓት ለመሬቱ እረፍት ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሰው በዛ፣ ግጦሽ ጠበበ፣ ብዙው ቋሚ ሆኖ ተቀመጠ። ስለዚህ «ውሻ ይጥፋ» ሲባል እረኛው ይከፋዋል። «ውሻህን እናስከትብልህ» ሲባል ግን ደስ ይለዋል። የኛ ጎረቤቶች የክትባት ቡድኑ ሲመጣ ውሾቻቸውን በገመድ እየጎተቱ ሲሰለፉ አስታውሳለሁ።

ባዮሎጂ አስተማሪ

ትክክል ብለሃል ወንድሜ። የቀበሮ ጥበቃው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዋና ሥራው ያ ነው። ውሻ ማስከተብ ብቻውን ስላልበቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ሌሊት ያኖሩላቸዋል፣ ይበላሉ፣ ሳይያዙ ሳይነኩ ይከተባሉ።

ጉድ ያልኩበትን ሌላም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እነዚሁ ቀበሮዎች ባሌ ላይ አበባ ሲልሱ መታየታቸውን መዝግቧል። ችቦ የመሰለች፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነች አበባ አለች አይደል? እሷን። አንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ድረስ ልሷል። አፍንጫቸው በብናኝ ቢጫ ይሆናል። የእረኛ ልጆችም ያቺን አበባ ለጣፋጩ ይልሷታል።

የሮቤ ልጅ

እኔ ራሴ ስንቴ ልሻለሁ!

የቋንቋ ሰው

አንድ ጥያቄ። «ቀበሮ» ነው ወይስ «ተኩላ»? ፈረንጆቹ አሁን የኢትዮጵያ ተኩላ ነው የሚሉት። ልጄ ትምህርት ቤት ግራ ተጋብታ መጣች።

ባዮሎጂ አስተማሪ

በዘር ሐረጉ ከታየ ለተኩላ ቤተሰብ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገው የዘር ምርመራ ከግራጫው ተኩላ ጋር ዝምድናው የጠበቀ መሆኑን ስላሳየ ነው ፈረንጆቹ ስሙን የለወጡት። አስበውበት ነው፤ ተኩላ ሲባል ሰው በአክብሮት ያየዋል።

በአማርኛ ግን «ቀይ ቀበሮ» መባሉ ይቀጥል ባይ ነኝ። በኛ ቋንቋ ተኩላ መንጋ ሆኖ ከብት የሚፈጅ አውሬ ነው። ይሄኛው ሰው አይነካ፣ ከብት አይፈጅ። «ተኩላ መጣ» ካልነው ዱላ የሚነሳበት ይመስለኛል። ለልጅሽ፦ ስሙ ቀይ ቀበሮ፣ ዘመዱ ተኩላ። ሁለቱንም ትወቅ።

መንዜው

ባሌ ለራቀባችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። መንዝ ጓሳ ኑ። ከአዲስ አበባ ይቀርባል። ሥፍራውን ለዘመናት የጠበቀው ሕዝቡ ራሱ ነው። የጓሳ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ መቼ እንደሚዘጋ በሕግ ነበር። ቀይ ቀበሮም አለን፣ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው።

ለልጆች የሚሻለው ደግሞ ጭላዳው ነው። በመቶ የሚቆጠር ጭላዳ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። ቀበሮው መሃላቸው ገብቶ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። አጥኚዎች ሲቆጥሩት ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካለት፣ ጭላዳ መሃል ሲሆን ከሦስቱ ሁለቱ ይሳካለታል። የሮቤ ልጅ ስለ ላሞቹ የነገረን ያው ነው ማለት ነው።

አባ ሦስት

ይሄ ክር በጣም ጠቀመኝ። ቀጥሉ።

ጭጋግ ያገኘን

የኛን አሳዛኝ ታሪክም መዝግቡልኝ። ሐምሌ ላይ ነው የሄድነው፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ። ሳነቴ ላይ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም። ዝናብ፣ በረዶ፣ ጭጋግ። ልጆቹ ምንም ሳያዩ ተመለሱ። ትልቁ «ሁለተኛ አልሄድም» አለኝ። ገንዘቡ ሳይሆን ፊቱ ነው ያሳዘነኝ።

የሮቤ ልጅ

አይ ወንድሜ፣ ክረምት ላይ ላዩን መድፈር ከባድ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ኑ። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚነጋው። ቀኑ ግን ብሩህ ነው። የቀበሮ ግልገሎችም የሚወለዱት በዚያው አካባቢ ነው፣ ብዙዎቹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ላዩ ሲዘጋ ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ፣ ዲንሾ ዋል። ዲንሾ አጋዘን ጠፍቶ አያውቅም።

የሁለት ልጆች እናት

ስለ ዲንሾ ቃል ገብቼ ነበር፣ ይኸው።

ትንሹ ጎባ ላይ በልቶ ፊቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ዲንሾ ደረስን። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው ጽድና ኮሶ ጫካ ውስጥ በእግር ነው የሚዞረው። ለአባቴም ለልጆቹም የሚሆን መንገድ ነው። አሥር ደቂቃ አልሄድንም። ኮሶ ሥር አንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ቆሟል። ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ላይ። አንገቱ ላይ ነጭ ምልክት። ከኋላው ቀንድ የሌላቸው ሴቶቹ፣ አንዷ ከጥጃዋ ጋር። አዩን። አልሮጡም። እዚያ ሰው እንደማይነካቸው ያውቃሉ። ቢሆንም ስካውቱ ዛፍ ተገን አድርገን እንድንቆም፣ እንዳንከብባቸው ነገረን።

አባቴ ኪሱ ገባና አንድ ሳንቲም አወጣ። ቤት ሳለን ጀምሮ ይዞት ነበር፣ አልነገረንም። 10 ሳንቲም ነው። የልጄ መዳፍ ላይ አስቀመጠና «እዩት፣ ያው እሱ ነው» አላት። የአጋዘኑ ራስ ሳንቲሙ ላይ አለ። እኔ ስንት ዓመት በእጄ ሳገላብጠው ኖሬ አይቼው አላውቅም! ልጄ ሳንቲሙን ወደ ላይ አንሥታ አንዴ እሱን፣ አንዴ አጋዘኑን ታያለች። ስካውቱ እንደነገራት ይሄ አጋዘን ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች ሁሉ በሳይንስ የተመዘገበው መጨረሻ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1910። ከኢትዮጵያ ውጭ የለም።

ከዚያ ከርከሮዎቹ መጡ። በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ሲግጡ ትንሹ ሳቁን መያዝ አቅቶት አፉን በሁለት እጁ ያዘ። አንድ የምኒልክ ድኩላም ጭቁኙ መሃል አየን፣ ጥቁር፣ ወዲያው ተሰወረ።

ጭጋግ ያገኘን፣ ልጅህን ዲንሾ ውሰደው። ሳነቴን አትንገረው። እዚያ ቆይቶ እሱ ራሱ ይጠይቅሃል።

ጭጋግ ያገኘን

እሺ እህቴ። ጥር ላይ እንሞክራለን። ሳንቲሙን ከየት አገኝ ይሆን?

የመንገድ ሰው

እናቶች ጋ ጠይቅ። የድሮ ቦርሳቸው ውስጥ አይጠፋም።

ባዮሎጂ አስተማሪ

ስለ ባሌ ስናወራ አንድ ደስ የሚል ዜና አለመጥቀስ አይሆንም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር በአንድ ሰሞን ነው የገቡት። 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ላዩ ሳነቴ፣ በደቡብ ሐረና ጫካ።

የሁለት ልጆች እናት

አስተማሪ፣ ልጄ አንድ ጥያቄ አስቀምጣልሃለች። በሷ ቃል ልጻፈው። «ወፏ ብር ስትል ፍልፈሉ ገባ። ወፏ ለፍልፈሉ ነው የምትጠብቀው ወይስ ቀበሮውን ፈርታ ነው?» ደብተሯ ላይ ወፏ ስንት ጊዜ እንደነበረች ሁሉ ጭረት አላት። ፍልፈሉ 23 ጊዜ ሲወጣ ወፏ 19 ጊዜ አጠገቡ ነበረች።

ባዮሎጂ አስተማሪ

ይሄን የጠየቀች ልጅ ትባረክ። ያየችው ነገር አጥኚዎችም የመዘገቡት ነው። ወፏ አጠገቡ የምትቆመው ለራሷ ጥቅም ነው፦ ፍልፈሉ አፈር ሲያገላብጥ ትል ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ደግሞ ለራሷ ፈርታ ትነሳለች። ፍልፈሉ ግን ጉድጓድ ዳር ሆኖ ሩቅ ማየት ስለማይችል የሷን መነሳት እንደ ማስጠንቀቂያ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለቱም መልሶቿ ትክክል ናቸው። ደብተሯን አስቀምጪላት።

የሮቤ ልጅ

እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ስትመጡ ከሳነቴ ወደ ሪራ መንደር ውረዱ። ሐረና ጫካ ውስጥ ጉሬዛ አለ፣ የዱር ቡናም አለ። ከፍታውም ዝቅ ስለሚል ለትንሹ ይሻለዋል። ከመነሳታችሁ በፊት እዚህ ጻፉልኝ፣ እናቴ ሮቤ ናት፣ ቡና ሳታጠጣችሁ አትለቃችሁም።

የሁለት ልጆች እናት

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጥር ላይ እንመጣለን። ልጄ መልሱን አነበብኩላት። አሁን ደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ እያሰመረች ነው፣ አንዱ ለወፏ፣ አንዱ ለፍልፈሉ።